መጽናናት ማለት መጽናት ነው
(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት አንድ ቃል ላስታውሳችሁ እወዳለሁ። በአገራችን ሰው ሲሞት ለቀስተኛው ወደ ኀዘንተኛው ቤት ይገባና «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል። ይህን ቃል ሁላችንም ብዙ ጊዜ ብለነዋል፤ ብዙ ጊዜም ተብሎልናል። ነገር ግን ቆም ብለን ብንመረምረው፣ ትርጉሙ «እግዚአብሔር ኀዘናችሁን ያስረሳችሁ» ማለት እንዳይደለ እንረዳለን። ያጽናችሁ ማለት ጽኑ ያድርጋችሁ፣ እንዳትወድቁ ደግፎ ያቁማችሁ ማለት ነው። አባቶቻችን ማጽናናት፣ መጽናናት፣ ጽናት የሚሉትን ቃላት ሁሉ ከአንድ ሥር አበቀሏቸው። በእነርሱ አስተያየት የተጽናና ሰው ማለት እንባው የደረቀለት ሰው ብቻ አይደለም። እንባውን እያፈሰሰም ቢሆን ከወደቀበት ተነሥቶ በሁለት እግሩ የቆመ ሰው ነው።

ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁትም ከዚሁ ቃል የሚወጣ ነው። እምነት በዕለት ኑሮአችን መጽናኛና ብርታት የሚሆነን በምን መንገድ ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በደቡብ ጎንደር፣ በደራ ምድር ከምትገኘው ከሐሙሲት ከተማና በዙሪያዋ ካለው አገር ምሳሌ እየጠቀስሁ እናገራለሁ።

ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ወረታና ወደ ጎንደር በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። ስሟ እንደሚያመለክተው የሐሙስ ገበያ አገር ናት። በስተምዕራቧ የጣና ሐይቅ፣ በስተሰሜኗ የጉማራ ወንዝና ሰፊው የፎገራ ሜዳ ይገኛሉ። በስተምሥራቅ ደግሞ አገሩ እየከበደ፣ እየቀዘቀዘ ሄዶ ወደ ደብረ ታቦርና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ወዳለው ወደ ጉና ተራራ ይወጣል።

በሐሙስ ማለዳ ገበሬው ጤፉን፣ ዳጉሳውንና በቆሎውን በአህያ ጭኖ፣ ከፎገራ ወገን የመጣውም ሩዙን ይዞ ወደ ገበያ ሲሄድ በመንገድ የተገናኘው ሰው ሁሉ ሰላምታ ይለዋወጣል። «እንደምን አደራችሁ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ልጆች ደኅና ናቸው?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ከብቱስ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» ሙስሊሙ ወንድማችንም በበኩሉ «አልሐምዱሊላህ» ይላል። እንግዲህ ከእነዚህ ከሚያመሰግኑት ሰዎች አንዱ ልጁ በወባ የተኛበት፣ ሌላይቱም የሚያርሰው በሬዋ የሞተባት ልትሆን ትችላለች።

ከሌላ አገር የመጣ ሰው ይህን ቢሰማ «ልጁ የታመመበት ሰው ስለ ምን እግዚአብሔር ይመስገን ይላል? ይህስ ሐሰት አይደለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ሐሰትስ አይደለም። የሰዎቹን ንግግር እስከ መጨረሻው ቢያዳምጥ ምስጋናው ካለቀ በኋላ ድምፁ ዝቅ ብሎ «ልጄ እንኳ ካልጋ ከዋለ ሦስት ቀኑ ነው» የሚል ቃል ይሰማል። ከዚያም «ምን ነካው? ወዴትስ ወሰዳችሁት? ምን ልርዳህ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ስለዚህ ምስጋናው ችግሩ የሚደበቅበት መጋረጃ ሳይሆን ችግሩ የሚነገርበት በር ነው። ምስጋና በቀደመበት ቤት ችግር እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል እንጂ ባለቤት ሆኖ አያዝዝም። አባቶቻችን በዚህ በአጭር ቃል ያስተማሩን አንድ ነገር አለ፤ ሰው መከራውን ከመቍጠሩ በፊት የቀረለትን በጎ ነገር ይቍጠር።

የእምነት ብርታት የሚገኘው እንዲህ ባለው ትንንሽ ነገር ነው። ብዙ ሰዎች መንፈሳዊ ኑሮ ሲባል ከዓለም ተለይተው፣ ዋሻ ገብተው የሚኖሩትን መናንያን ብቻ ያስባሉ። የእነዚያ አባቶችና እናቶች ክብራቸው የተጠበቀ ነው። ነገር ግን ልጆች የሚያሳድገው፣ መሬት የሚያርሰው፣ በቢሮ የሚጽፈው፣ በሱቅ የሚነግደው ሰው ከእምነቱ የሚያገኘው ኃይል በዕለት ሥራው መካከል ካልተገኘ ከየት ሊመጣ ይችላል?

እስቲ በደጋው ያለውን የአንዱን ቀን ኑሮ እንመልከት። ገና ሳይነጋ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል። ገበሬው ከመኝታው ሲነሣ ፊቱን ያማትባል። ሞፈርና ቀንበሩን አጋጥሞ የመጀመሪያውን ትልም ከማውጣቱ በፊት የፈጣሪውን ስም ይጠራል። እመቤቲቱም ሊጥ ስታቦካ፣ ምጣድ ስታሰማ፣ እንጀራውን ስትቈርስ በስመ አብ ትላለች። ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ አቦሉ፣ ቶናውና በረካው በተራ ይጠጣሉ። በረካ ማለት በረከት ማለት ነውና በሦስተኛው ሲኒ ላይ ታላቅ የሆነ ሰው ይመርቃል፤ የቀረው አሜን ይላል። ሙስሊሙም በቀን አምስት ጊዜ ሥራውን አቁሞ ይሰግዳል፤ ከሰገደ በኋላም ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህ ሁሉ በሰዓት ቢለካ እጅግ ጥቂት ነው። ነገር ግን ቀኑን እንደ ምሰሶ ደግፎ የሚያቆመው እርሱ ነው።

«ልማድ ብቻ ነው፤ ልብ የለበትም» የሚል ሰው አይጠፋም። እርግጥ ነው፣ ልብ የተለየው ልማድ ባዶ ዕቃ ነው። ይሁን እንጂ ልማድን አንናቀው። በደጋው አገር የቤት ክዳን የሚታደሰው ዝናብ ከመጣሉ በፊት በበጋ ነው። ሐምሌ ከገባ በኋላ ሣር ፍለጋ የሚወጣ ሰው ልጆቹን በዝናብ ያስመታል። ጸሎትም እንዲሁ ነው። መከራ ቀጠሮ አይሰጥም። አሳቡ የሚበተንበት፣ አንደበቱም የሚተሳሰርበት ቀን ሲመጣ ሰው አዲስ ጸሎት ማሰናዳት አይችልም። በደኅናው ቀን ከአፉ ጋር የተዋሐደው ቃል ግን ያን ጊዜ ሳይጠራ ይመጣለታል። ስለዚህ በየማለዳው የምትደገመው አጭር ጸሎት በበጋ የተከደነች ክዳን ናት ማለት ይቻላል።

ወሩንም ብንመለከተው እንዲሁ ሥርዓት አለው። በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ እያለ የሚሄደው አቈጣጠር ለክርስቲያኑ ሕዝብ በዓል ብቻ አይደለም። ከየቀኑ ጋር የተያያዘ ማኅበር አለ። የማኅበሩ አባሎች በየወሩ በተራ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ጠላው ተጠምቆ፣ ዳቦው ተጋግሮ፣ ካህኑ ጸሎት አድርሶ ጽዋው ይጠጣል። በመጨረሻም ጽዋው ለባለ ተራው ይሰጣል። ሰንበቴውም በየሰንበቱ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

አሁን አንድ ነገር እንድታስተውሉልኝ እለምናለሁ። በማኅበር ቤት አንድ ሰው ሲቀር መቅረቱ ይታወቃል። «እገሌ ዛሬ ስለ ምን ቀረ?» ተብሎ ይጠየቃል። ታሞ እንደ ሆነ ይጐበኛል፤ ተጣልቶ እንደ ሆነ ይታረቃል፤ አጥቶ እንደ ሆነ ይረዳል። እንግዲህ ኀዘንተኛውን ሰው ከኀዘኑ ይልቅ የሚጐዳው ብቻነቱ ነው። መቅረቱን የሚያውቅ አንድ እንኳ ሰው ያለው ሰው ግን ፈጽሞ አይወድቅም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ስለ ሎሚ ብቻ አይደለም፤ ስለ ኀዘንም ነው።

የለቅሶ ሥርዓታችንም ይህንኑ ጥበብ ይዟል። ሰው ሲሞት መጀመሪያ ዕድርተኛው ይደርሳል፤ ድንኳን ይተክላል፣ ውኃ ይቀዳል፣ እንጀራ ያቀርባል። ከዚያም ሠልስት አለ፤ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እያለ የጸሎቱ መታሰቢያ ይቀጥላል። ይህ ለምን ሆነ? ለሟቹ ነፍስ መጸለይ የሃይማኖቱ ትምህርት ነው። ለቋሚውም የሚሰጠው ጥቅም አለ። ኀዘን በሦስት ቀን አያልቅምና። ለቀስተኛው ተበትኖ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ቤቱ ጭር ሲል ኀዘን እንደ ገና ይመለሳል። እንግዲህ በአርባው ቀን ዘመድ ሲሰበሰብ፣ በሰማንያው ጐረቤት ሲመጣ፣ በዓመቱ የሟቹ ስም ሲጠራ፣ ኀዘንተኛው «አልተረሳሁም፤ የእኔም ሰው አልተረሳም» ይላል። ሕዝባችን መጽናኛን በአንድ ቀን አፍስሶ አልጨረሰም፤ ለዓመት እንዲበቃ አድርጎ ከፋፍሎ አስቀመጠው።

ነገር ግን ጥሩው ሥርዓት ሁሉ ካልተጠበቀ ይበላሻል። ተዝካር በወጪ ብዛት ኀዘንተኛውን ባለ ዕዳ የሚያደርግ ከሆነ መጽናኛነቱ ይቀርና ሁለተኛ ኀዘን ይሆናል። ባሏ የሞተባት ሴት የቀረላትን አንድ በሬ ሸጣ ለድግስ ብታወጣ የሟቹ ነፍስ ምን ትጠቀማለች? በሚመጣው ሰኔስ ልጆቿ በምን ያርሳሉ? ጸሎቱ ይጸለይ፤ ድኻው ይብላ፤ ድግሱ ግን በልክ ይሁን። የሰው ዐይን ፈርቶ የሚደገስ ድግስ ለእግዚአብሔር የቀረበ አይደለም።

ኀዘንተኛን ለማጽናናት የሚሄድ ሰውም ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። በመጽሐፈ ኢዮብ እንደ ተጻፈው የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀመጡ። በደል የጀመሩት አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ነው። እኛም ልጇ ወደ ሞተባት እናት ገብተን ቶሎ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፤ አታልቅሺ» ማለት እንወዳለን። ምናልባት እንዲህ የምንለው ልቅሶዋን መቻል አቅቶን ይሆናል። «አምላክ ሳይደግስ አይጣላም» የሚለው ተረት ጥሩ ተረት ነው፤ ዳሩ ግን ለራስ የሚናገሩት እንጂ በሌላው ቍስል ላይ የሚጭኑት አይደለም። ከእርስዋ ጋር መቀመጥ፣ እሳቷን ማንደድ፣ ከብቷን ማሰማራት፣ ልጆቿን ማብላት ይሻላል። ከስብከት ሁሉ የሚበልጥ ስብከት ይህ ነው።

ኀዘን ወደ ሥራ ተለውጦ ብርታት እንደሚሆን ለማየት የፈለገ ሰው ከሐሙሲት ወደ ጣና ዳር ይውረድ። በዚያ ቆራጣ የምትባል ጥንታዊት አገር አለች። በእርስዋም የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገዳም ይገኛል። ወለተ ጴጥሮስ የኖረችው በ16ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ17ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ነው። ከመሳፍንት ወገን የተወለደች፣ የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል የነበረው የመልክአ ክርስቶስ ሚስት ነበረች። ገድሏ እንደሚተርከው ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። በኋላም ንጉሡ የካቶሊክን ሃይማኖት በመቀበሉ በአገሩ ላይ ታላቅ ሁከት በተነሣ ጊዜ ቤቷንና ሀብቷን ትታ መነኰሰች። የንጉሡን ሃይማኖት አልቀበልም በማለቷም ሙቀቱ ወደ በረታው ቆላ፣ ዠበይ ወደሚባል ስፍራ ተጋዘች፤ በዚያም ሦስት ዓመት ተቀመጠች።

ልጆቿን ያጣች፣ ከባልዋ የተለየች፣ ከአገርዋ የተሰደደች ሴት ምን ታደርጋለች ብለን ብንጠይቅ፣ ብዙዎቻችን «ተቀምጣ ታለቅሳለች» እንል ይሆናል። እርስዋ ግን በስደቱ ቦታ ሰዎች ሲከተሏት ማኅበር መሠረተች። ከስደት ከተመለሰችም በኋላ ይህንኑ ሥራ ቀጠለች፤ በመላ ሕይወቷ ሰባት ማኅበራትን እንዳቋቋመች ገድሏ ይናገራል። ከመሳፍንት ተወልዳ ሳለ ዝቅ ያለውን የጕልበት ሥራ አልናቀችም። ሦስት ልጆች የቀበረችው እናት የብዙ ወንዶችና ሴቶች መነኰሳት እናት ሆነች። በ1624 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ባወጁ ጊዜ እርስዋ በሕይወት ነበረች። በኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐረፈች፤ ቆይቶም በስሟ በቆራጣ ገዳም ተመሠረተ። ገድሏ የተጻፈው ካረፈች ከ30 ዓመት ያህል በኋላ ነው። የልጆቿ ኀዘን ከልቧ ጠፋ ብዬ አልናገርም፤ የእናት ልብ እንዲህ አይደለምና። ነገር ግን ኀዘኗ እግሯን አላሰረውም። ከላይ «ያጽናችሁ» ስለሚለው ቃል የተናገርሁት ትርጉም በዚህች ሴት ሕይወት ሙሉ ሆኖ ይታያል።

አሁን ደግሞ እምነት ያልሆነውን ነገር እምነት ነው ብለን እንዳንሳሳት ጥቂት ልናገር። ከዚሁ ከደቡብ ጎንደር አንድ ታሪክ አለ። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ ካላዛር የሚባል በሽታ ተነሣ። ይህ በሽታ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ነው፤ ትኵሳቱ ረዥም ነው፣ ሰውነትን ያከሳል፣ ጣፊያን ያሳብጣል፤ ካልታከመም ይገድላል። በዚያ አገር ከዚያ በፊት ያልተለመደ ስለ ነበረ ወባ መሰለ፤ የወባም መድኃኒት አላዳነውም። ምንነቱ በምርመራ እስኪታወቅ ድረስ ብዙ ሰው ሞተ። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ሐኪሞች በሽታውን ለይተው ካወቁና በአዲስ ዘመን ከተማ ሕክምናው ከተከፈተ በኋላ ግን ብዙ ሕመምተኛ ተፈወሰ። በዚያን ጊዜ በየቤቱ የተጸለየው ጸሎት ከንቱ ነበርን? አልነበረም። ጸሎቱ ሕመምተኛውንና አስታማሚውን ተስፋ እንዳይቈርጡ ይዟቸዋል። በሽታውን የለየው ምርመራ፣ ያዳነውም መድኃኒት ነው። ሁለቱ ባላጋራዎች አይደሉም።

ይህን ነገር የቤተ ክርስቲያን አባቶችም ተናግረውታል። በኤች አይ ቪ ምክንያት ብዙ ሕዝብ ወደ ጠበል ይሄድ በነበረበት ጊዜ አንዳንዶች ጠበሉን አምነው መድኃኒታቸውን ያቋርጡ ነበር። ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሕመምተኞች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድነት እንዲወስዱ፣ አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል በአደባባይ አስታወቁ። እንግዲህ ክረምቱ አልፎ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ በደራና በፎገራ ቆላ ሲበረታ፣ እናት ልጇን ጠበል ብታጠምቀው መልካም ነው፤ ነገር ግን ትኵሳቱ በጀመረበት ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ትውሰደው። በአልጋ አጎበር ሥር ታስተኛው። የሐኪሙንም እጅ የፈጠረ እግዚአብሔር ነውና ይህን ማድረግ የእምነት ማነስ አይደለም።

ክቡራን አንባቢዎች፤ ስለ መጽናናት መናገር በሰላም ቀን ቀላል ነው። የዚህ አገር ሕዝብ ግን በቅርብ ዓመታት ያየው መከራ ቀላል አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነቱ ወደ ደቡብ ጎንደር ዘልቆ፣ ጋይንትን ይዞ ወደ ጉና በተቃረበ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ወሩ የፍልሰታ ጾም የሚጾምበት፣ በ13ኛውም ቀን የደብረ ታቦር በዓል የሚከበርበት፣ ልጆች ሙልሙል የሚቀበሉበት ወር ነው። በዚያ ወር ግን በዚያው በበዓሉ ስም በምትጠራው ከተማ ላይ ከባድ መሣሪያ ወድቆ ሰላማውያን ሰዎች ሞቱ። ከዚያም በኋላ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ግጭት ተነሥቶ መንገድ የተዘጋበት፣ ትምህርት ቤት የተቋረጠበት፣ ልጅ ወጥቶ ያልተመለሰበት ቤት ብዙ ነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ «እግዚአብሔር ወዴት ነው?» የሚል ጥያቄ ከሰው ልብ ይወጣል። ይህን የጠየቀውን ሰው እምነት የለህም ብለን አንገሥጸው። በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ እንዲህ ያለው ጩኸት ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ሕዝባችንም ዳዊቱን በየቀኑ ከፋፍሎ የሚደግመው ምስጋናውንም ጩኸቱንም አንድነት ይዞ ነው። ጥያቄውን ወደ ፈጣሪው የሚያቀርብ ሰው ከፈጣሪው ገና አልተለየም። መልሱን ግን እኔ በንግግር ልሰጥ አልችልም። ማለት የምችለው ይህን ብቻ ነው፤ ተፈናቃይ በመጣ ጊዜ በሩን የከፈተ፣ እንጀራውን ለሁለት የቈረሰ፣ የማያውቀውን ልጅ ከልጁ ጋር ያስተኛ ሰው ሁሉ ለዚያ ጥያቄ በቃል ሳይሆን በእጁ መልስ ሰጥቷል። እንዲሁም እምነት ጥላቻን ለማርካት መሣሪያ ሲሆን መጽናኛነቱን ያጣል። በልቡ ቂም ያኖረ ሰው ቍስሉን ዕለት ዕለት በገዛ እጁ እየከፈተ እንዴት ሊጽናና ይችላል?

ደብረ ታቦርን ካነሣሁ አንድ ነገር ጨምሬ ወደ መደምደሚያው እደርሳለሁ። ይህች ከተማ በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ የታወቀችው በአቋቋም ትምህርት ነው። የደብረ ታቦር ኢየሱስ በተለይ ተክሌ በሚባለው አቋቋም ይታወቃል። ይህን አቋቋም ከፎገራ የተነሡትና በቀልዳቸው አገር ሁሉ የሚያውቃቸው አለቃ ገብረ ሐና እንደ ደረሱት፣ በልጃቸውም በተክሌ ስም እንደ ተጠራ ይነገራል። በማሕሌት ጊዜ ሊቃውንቱ በእጃቸው የሚይዙት መቋሚያ ሁለት አገልግሎት አለው። ሌሊቱ ሲረዝምና ጕልበት ሲደክም ይደገፉበታል። ዜማው ሲነሣ ደግሞ ያንኑ መቋሚያ ወደ ላይ አንሥተው ያመሰግኑበታል። አለቃ ገብረ ሐና ሊቅም ቀልደኛም እንደ ነበሩ ሁሉ መንፈሳዊነት ፊትን ማጥቈር አይደለም፤ በኀዘን ቤት እንኳ በሦስተኛው ቀን ፈገግ የሚያሰኝ ሰው በረከት ነው።

እምነትም ለእኛ እንደዚህ እንደ መቋሚያ ይሁንልን። በደከምን ጊዜ እንደገፍበት፤ በበረታን ጊዜ እናመስግንበት። በደስታው ቀን መቋሚያውን ጥግ ላይ ጥሎ የሚሄድ ሰው በድካሙ ቀን ፈልጎ አያገኘውም።

ስለዚህ ከዚህ ንግግር በኋላ በተግባር የምናውለው ነገር እንዲኖር አራት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፤ ማለዳ ተነሥተን ሥራ ከመጀመራችን በፊት፣ ጥቂት ደቂቃም ብትሆን፣ በየሃይማኖታችን ሥርዓት እንጸልይ፤ በዚያችም ጸሎት ትናንት ከተደረገልን በጎ ነገር አንዱን በስሙ ጠርተን እናመስግን። ሁለተኛ፤ በሳምንት አንድ ቀን የታመመ፣ ያዘነ፣ ወይም ብቻውን የሚኖር ሰው እንጠይቅ። ስንሄድም ምክር ከምንይዝ ይልቅ አንድ ሥራ ሠርተን እንመለስ። ሦስተኛ፤ የከበደንን ነገር ብቻችንን አንሸከም። ክርስቲያኑ የነፍስ አባት አለው፤ ሙስሊሙ ሼኽ አለው፤ ሁሉም ታማኝ ወዳጅ አለው። እንቅልፍ የከለከለ፣ እህል ያስጠላ፣ ሕይወትንም እስከ መጥላት ያደረሰ ኀዘን ከሆነ ግን ለሐኪምም ይነገር፤ የአሳብ ሕመም እንደ ሌላው ሕመም ሕክምና አለውና። አራተኛ፤ ስንጾም በጾማችን የተረፈውን ለተራበው እናድርስ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ምእመናን በዓመት የሚጾሟቸው ቀኖች 180 ያህል ይደርሳሉ። በእነዚህ ቀኖች ከየቤቱ አንድ ምሳ ለአንድ ድኻ ቢደርስ ስንት ሆድ እንደሚጠግብ እናንተው አስቡት።

ይህን ማድረግ ሀብት አይጠይቅም፤ ብዙ ትምህርትም አያስፈልገውም። ነገ ወደ ሐሙስ ገበያ የምትሄዱ እናንተ የሐሙሲት ሰዎች፣ በሌላም አገር ያላችሁ ወገኖቼ ሁሉ፣ በመንገድ ላይ «እንደምን አደራችሁ» ብላችሁ የጠየቃችሁት ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲላችሁ ፈጥናችሁ አትለፉት። ጥቂት ቆማችሁ ከምስጋናው በኋላ የሚመጣውን ቃል ጠብቁ። እርሱ የሚጽናናው፣ እናንተም የምትጸኑት በዚያች ጥቂት ጊዜ ነው።

ያዘኑትን እግዚአብሔር ያጽናቸው፤ የታመሙትን ይፈውስ፤ የተሰደዱትን ወደ ቤታቸው ይመልስ፤ ለአገራችንም ሰላም ይስጥ።